ስለ ሰማይ ድንጋይና ዐዋቂን ስለ መጠየቅ

በዚህ ጽሑፍ የማጫውታችሁ ታሪክ የድንጋይ ታሪክ ነው። ድንጋይ ደግሞ ምን ታሪክ አለው ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ከሰማይ ወደቀ የሚባለውን ድንጋይ የሰው ልጅ እንዴት መርምሮ እንዳወቀው፥ ታላላቅ ሊቃውንት በዚሁ ነገር እንዴት እንደ ተሳሳቱ፥ እኔም በአቅሜ ምን ጥፋት እንዳጠፋሁ በተራ እነግራችኋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን የራሴን ጥፋት መናገር ይገባኛል፤ የሌላውን ስሕተት እየዘረዘረ የራሱን የሚደብቅ ሰው ቃሉ አይታመንምና።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሬ ያደግሁ፥ ኋላም በሱሉልታ፥ በቡራዩና በሰበታ ከ30 ዓመት በላይ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። እነዚህ ሦስት ከተሞች አዲስ አበባን እንደ መቀነት ከከበቧት ከተሞች መካከል ናቸው። ሰበታ በጅማ መንገድ ከወጨጫ ተራራ ሥር፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ሲመሠረት ሦስቱም በእርሱ ውስጥ ተጠቃለዋል። እኔ ማስተማር በጀመርሁበት ዘመን ግን እርሻውና ግጦሹ ከቤቱ ይበልጥ ነበር፤ ተማሪውም ጠዋት ከብት አሰማርቶ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣ ነበር።

በ1978 ዓ.ም. ሃሌ የተባለው ጅራታም ኮከብ ከ76 ዓመት በኋላ ተመልሶ በምድር አጠገብ አለፈ። በሬዲዮም በጋዜጣም ስለ እርሱ ብዙ ተወራ፤ የተማሪዎቼም ልብ ወደ ሰማይ ተንጠለጠለ። በዚያው ሰሞን ወደ ሱሉልታ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ጥቁር፥ ልሙጥና ከባድ ድንጋይ ከጓሮአቸው አውጥተው አሳዩኝ። «አባቴ ከመብረቅ ጋራ ሲወርድ አይቶ ያነሣው ነው» አሉኝ። ማግኔት ባስጠጋው ሳበው። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ሽማግሌውን አመስግኜ ድንጋዩን ተሸክሜ ወደምሠራበት ወደ ቡራዩ ተመለስሁ።

በዚያ ጊዜ በትምህርት ቤታችን ውስጥ ትንሽ ቤተ መዘክር አቋቁሜ ነበር። ቤተ መዘክር ማለቴ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ነው፤ በውስጡም አሮጌ ገንዘብ፥ ዋንጫ፥ የሸክላ ስባሪና ጥቂት ባልጩት ነበረበት። ድንጋዩን በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አኖርሁና በተቻለኝ መጠን ባማረ ጽሕፈት «ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ፤ ሱሉልታ» ብዬ ጽፌ ለጠፍሁበት። በማግስቱም የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቼን በቁም ሣጥኑ ዙሪያ አቁሜ ስለ ጠፈር አስተማርኋቸው።

ከተማሪዎቹ መካከል አባቱ ድንጋይ ፈላጭ የሆነ አንድ ልጅ ነበረ። እጁን አወጣና «ጋሼ፥ ይህ አባቴ የሚፈልጠውን ጥቁር ድንጋይ ይመስላል» አለ። እኔም «አባትህ ድንጋይ ይፈልጣል እንጂ ሰማይ አይፈልጥም» ብዬ መለስሁለት። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስም ሁለተኛ እጁን ሲያወጣ አላየሁትም።

ከቡራዩ እስከ አራት ኪሎ ድረስ ያለው መንገድ ሩቅ አልነበረም። በዚያም በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ፋኩልቲ ድንጋይ መርምረው የሚያውቁ ሊቃውንት ነበሩ። ድንጋዩን በቦርሳ ይዤ በአውቶቡስ ብሄድ በአንድ ቀን መልሱን ባገኘሁ ነበር። አልሄድሁም። ጊዜ አጣሁ፥ ሥራ በዛብኝ እል ነበር፤ እውነቱ ግን መልሱን መፍራቴ ነው። በልቤ ውስጥ የልጁ ቃል እውነት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ስለ ነበረ፥ ያን ሐሳብ የሚያረጋግጥ ሰው ማየት አልፈለግሁም።

እንግዲህ ታሪኬን እዚህ ላይ አቁሜ፥ በዚህ ድንጋይ ነገር ከእኔ የበለጡ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው ላጫውታችሁ። በውጭ አገር ታሪክ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከሰማይ ድንጋይ ይወድቃል የሚለው ወሬ በብዙ አገር ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። ኮሎምቦስ አትላንቲክን በተሻገረበት በ1492፥ በኖቬምበር 7 ቀን፥ ኤንሲስሃይም በምትባል በአልዛስ አገር ባለች ከተማ አጠገብ ከታላቅ ድምፅ ጋራ አንድ ድንጋይ በስንዴ ማሳ ውስጥ ወደቀ። ሲወድቅ ያየው አንድ ብላቴና ነበረ። ሕዝቡ ለበረከት እያለ ድንጋዩን ይፈነክት ጀመር፤ ሹማምንቱ ግን ከለከሉና 127 ኪሎ ያህል የሚመዝነውን ድንጋይ ወደ ከተማ አስገቡት። ንጉሥ ማክሲሚልያን በዚያ በኩል ሲያልፍ አይቶት በቤተ ክርስቲያን እንዲጠበቅ አዘዘ። ያ ድንጋይ ከተፈነከተ የተረፈው ክፍል እስከ ዛሬ በዚያች ከተማ ይታያል። የዚያ ዘመን ሰዎች ድንጋዩ ምን እንደ ሆነ አላወቁም፤ ያዩትን ግን አልካዱም፥ አስቀምጠውም ለልጅ ልጅ አስተላለፉት።

ከዚያ በኋላ ዘመነ ዕውቀት ተብሎ የሚጠራው 18ኛው ምዕት ዓመት መጣ። በ1768 በፈረንሳይ አገር ሉሴ በምትባል መንደር በማሳ ላይ የሚሠሩ ገበሬዎች የነጐድጓድ የመሰለ ድምፅ ሰምተው ቀና ሲሉ አንድ ነገር ወደ ምድር ሲወርድ አዩ። ሄደው ቢያዩት ግማሹ በአፈር የተቀበረ፥ በእጅ የማይነካ ትኵስ ድንጋይ ሆነ። አንድ ቄስ ከድንጋዩ ቈርሶ በፓሪስ ወዳለው የሳይንስ አካዳሚ ላከው። አካዳሚውም ሦስት መርማሪዎችን መረጠ፤ ከእነርሱም አንዱ የዛሬው ኬሚስትሪ አባት የሚባለው ላቮዋዚዬ ነበረ።

መርማሪዎቹ ድንጋዩን ፈጩት፥ በእሳት ሞከሩት፥ በአሲድ ሞከሩት። በሥራቸው ቸልተኞች አልነበሩም። ዳሩ ግን በሰማይ ድንጋይ የለምና ከሰማይ ድንጋይ ሊወድቅ አይችልም የሚለውን አሳብ አስቀድመው በልባቸው አጽንተው ነበር። ስለዚህ በመሬት ላይ የነበረ ተራ ድንጋይ በመብረቅ ተመትቶ ላዩ የጠቈረ ነው ብለው ፈረዱ። የገበሬዎቹንም ምስክርነት እንደ ተራ ሰው ቅዠት ቈጠሩት። እንግዲህ ልብ አድርጉ፤ እኔ በቡራዩ ዐዋቂን ንቄ ተሳሳትሁ፥ የፓሪስ ሊቃውንት ደግሞ ያላወቀ የሚባለውን ሰው ንቀው ተሳሳቱ። መንገዳችን ቢለያይም የወደቅንበት ጕድጓድ አንድ ነው።

ከዚህ ስሕተት ሰዎችን ማውጣት የጀመረው ክላድኒ የተባለ ጀርመናዊ ነው። ክላድኒ ስለ ድምፅ ጠባይ በመመራመር የታወቀ ሰው ሲሆን፥ በወጣትነቱ ሕግ ተምሮ ስለ ነበረ የምስክር ቃል መመዘን ያውቅ ነበር። ከብዙ ዘመንና ከብዙ አገር የተጻፉትን የምስክሮች ቃሎች ሰብስቦ እያነጻጸረ ቢመረምር፥ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር መናገራቸውን አየ። ሁሉም ታላቅ እሳት በሰማይ ሲሮጥ እንዳዩ፥ ከዚያም ድምፅ እንደ ሰሙ፥ በመጨረሻም ድንጋይ ወይም ብረት እንዳገኙ ይናገሩ ነበር። ስለዚህ በ1794 ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህ ድንጋዮች ከምድር ውጭ ካለው ጠፈር የሚመጡ ናቸው ብሎ ጻፈ። ብዙዎች ሣቁበት። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት በተለያየ አገር የወደቁ ድንጋዮችን መርምሮ፥ በውስጣቸው ያለው ብረት ሁሉ ኒኬል የተባለ ማዕድን የተቀላቀለበት መሆኑን በ1802 አስታወቀ። ከተራራቁ አገሮች የመጡት ድንጋዮች ወንድማማች ሆነው ተገኙ።

ነገሩን የፈጸመው የ1803ቱ ድርጊት ነው። በዚያ ዓመት በአፕሪል 26 ቀን በፈረንሳይ ሌግል በምትባል ከተማ ዙሪያ 3 ሺህ ያህል ድንጋይ በአንድ ቀን ወደቀ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩም የ29 ዓመት ወጣት የነበረውን ቢዮ የተባለ ሊቅ ሄዶ እንዲመረምር ላከው። የቢዮ አሠራር ለወጣት ሁሉ ትምህርት ነው። በቀጥታ ወደ ሌግል አልሄደም፤ ከሩቅ ከተማ ጀምሮ መንገደኛውንና ባላገሩን እየጠየቀ፥ ድምፁ የት ድረስ እንደ ተሰማ እየጻፈ ቀረበ። ከደረሰም በኋላ ባለጠጋውንም ድኻውንም ጠየቀ። እንዲህ ያለ ድንጋይ አስቀድሞ በአገሩ ይገኝ እንደ ነበረ አጣራ፤ ከቶ አልነበረም። ድንጋዮቹ የወደቁበትን ስፍራ በካርታ ላይ ቢያወርደው እንደ እንቍላል ቅርፅ የተዘረጋ ሞላላ ስፍራ ሆኖ ተገኘ። ሪፖርቱን ለሊቃውንቱ ጉባኤ ባነበበ ጊዜ ክርክሩ አበቃ። ላቮዋዚዬን ያሳሳተው የመሣሪያ ጕድለት ብቻ እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል፤ ቢዮ ያሸነፈው ገበሬውንም ኬሚስቱንም አንድ ላይ ስላዳመጠ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለው ድንጋይ ሜትዮራይት ይባላል። አንድ ሰው «የሰማይ ድንጋይ አገኘሁ» ብሎ ወደ ቤተ መዘክር ቢያመጣ ምርመራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ቅርፊቱ ይታያል። ድንጋዩ ከጠፈር በሰዓት ከ40 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት አየር ውስጥ ሲገባ ላዩ ይቀልጣል፤ ኋላም ፍጥነቱ ሲበርድ የቀለጠው ረግቶ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ሁለተኛ ክብደቱ ይመዘናል፤ በውስጡ ብረት ስላለበት አብዛኛውን ጊዜ ከተራ ድንጋይ ይከብዳልና። ሦስተኛ በማግኔት መሳቡ ይፈተናል፤ ጠንካራ ማግኔት ግን በድንጋዩ ውስጥ የተጠበቀውን የጥንት ምልክት ስለሚያጠፋው የዘመኑ ሊቃውንት ሰው ሁሉ ማግኔት እንዳያስጠጋበት ይመክራሉ። እኔ ይህንንም ሳላውቅ ነበር ማግኔቴን ይዤ የሮጥሁት።

በእነዚህ ምልክቶች ብቻ ግን አይፈረድም። ጥቁርነት፥ ክብደትና በማግኔት መሳብ በእኛም አገር ድንጋይ ይገኛሉ። ስለዚህ ባለሙያው ከድንጋዩ ትንሽ ይቈርጥና ውስጡን ያያል። ከጠፈር በመጡት በአብዛኞቹ ድንጋዮች ውስጥ የብረትና የኒኬል ብልጭታ፥ እንዲሁም ኮንድሩል የሚባሉ ከጤፍ እስከ አተር የሚያህሉ ክብ ጠብታዎች ይገኛሉ። እንዲህ ያሉ ጠብታዎች በምድር ድንጋይ ውስጥ አይገኙም። ከዚያም እንደ ወረቀት አስስሎ በማይክሮስኮፕ ይመለከተዋል፥ ማዕድኑን በመሣሪያ ይለካል። ውጤቱ ለዓለም አቀፉ የሜትዮራይት ማኅበር ኮሚቴ ይቀርባል። ኮሚቴው ስም ሰጥቶ ከመመዝገቡ በፊት ከድንጋዩ 20 ግራም፥ ወይም ድንጋዩ ትንሽ እንደ ሆነ ከመቶ 20 እጁ፥ በታወቀ ተቋም እንዲቀመጥ ይጠይቃል። ይኸውም ዛሬ የተፈረደውን ፍርድ ነገ ሌላ ሊቅ መርምሮ ማጽናት ወይም ማፍረስ እንዲችል ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን ያስፈልጋል ትሉ ይሆናል። ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ምድር የተፈጠረችበትን ዘመን በ1956 ያሰላው እንዲህ ባሉ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ ለክቶ ነው፤ ያገኘውም 4 ቢሊዮን ከ550 ሚሊዮን ዓመት ነው። ድንጋዩ ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ የምድር ዕድሜ ስሌት ሁሉ ሐሰት በሆነ ነበር።

አሁን ወደ ቁም ሣጥኔ ልመለስ። ድንጋዩ በዚያ መደርደሪያ ላይ 11 ዓመት ተቀመጠ። በ1989 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱን ዕቃ ለኤግዚቢሽን እንድናቀርብ ተጠየቅን፤ ለያንዳንዱም ዕቃ ምንነቱን የሚያረጋግጥ የባለሙያ ቃል እንዲያያዝ ታዘዘ። እንግዲህ ማምለጫ አልነበረኝምና ድንጋዩን በፎጣ ጠቅልዬ ወደ አራት ኪሎ ሄድሁ።

የተቀበለኝ የሥነ ምድር መምህር በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፥ ትሑት ሰው ነበር። ድንጋዩን በአጉሊ መነጽር እያገላበጠ «ሲወድቅ ያየው ማን ነው?» አለኝ። «የሽማግሌው አባት» አልሁ። «የሽማግሌውን ስም፥ ቦታውንና ዘመኑን ጽፈው ይዘዋል?» አለኝ። አልጻፍሁም ነበር፤ ሽማግሌውም በዚያን ጊዜ ዐርፈዋል። ከዚያ የድንጋዩን ጠርዝ ቈርጦ አሳየኝ። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ግራጫ ነው፤ በአንድ ወገንም የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሲበርድ ጋዝ የተወው ትንንሽ ቀዳዳ ነበረበት። የብረት ብልጭታም ሆነ ክብ ጠብታ የለበትም። «ይህ ባዛልት ነው፤ ግንበኞች ጥቁር ድንጋይ የሚሉት። ልሙጥ ያደረገው የወንዝ ውኃ ነው፤ ማግኔት የሚስበውም ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ስላለበት ነው» አለኝ። ፊቴን አይቶ ይሆናል «አይዘኑ መምህር፤ ከሚመጡልን ድንጋዮች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው» ሲል አጽናናኝ።

ነገሩ የሚያስደንቅ አልነበረም። እንጦጦና ወጨጫ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት በእሳተ ገሞራ የተሠሩ ተራሮች ናቸው፤ በሱሉልታ፥ በቡራዩና በሰበታ የምንረግጠው ድንጋይ የእሳት ልጅ ነው። ድንጋዩ የተገኘበትን አገር ድንጋይ ሁሉ የሚያውቅ ሰው በቡራዩ ነበረ፤ የዚያ ልጅ አባት።

ድንጋዩን ይዤ በተመለስሁ በሦስተኛው ቀን ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ዕድሜው 24 ዓመት ሆኖ በቁመትም በልጦኝ ከአባቱ ጋራ በድንጋይ ማውጫው ይሠራ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርሁትና በተማሪዎች ፊት ስላዋረድሁት ይቅርታ ጠየቅሁት። «ኧረ ጋሼ፥ እኔ ረስቼዋለሁ» አለኝ። ቈይቶ ግን መሬት መሬት እያየ «ብቻ ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ መጠየቅ እፈራ ነበር» አለ። ልጆቼ ሆይ፤ በአስተማሪነት ዘመኔ የሰማሁት ከባድ ቃል ይህ ነው። ድንጋዩን ከቁም ሣጥን ማውጣት ይቻላል፤ ከአንድ ልጅ ልብ ውስጥ ያኖሩትን ፍርሃት ግን በይቅርታ ብቻ ማውጣት አይቻልም።

አባቱ ያን ዕለት መዶሻቸውን አንሥተው ሁለት ድንጋይ መትተው አሰሙኝ። ደኅናው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። ይህን ዕውቀት ከማንም መጽሐፍ አላገኘሁትም ነበር። ወደ ትምህርት ቤት ተመልሼ ድንጋዩን አልጣልሁትም። የቀድሞውን ጽሑፍ አንሥቼ በምትኩ «ባዛልት፤ ሱሉልታ። አስተማሪው ከሰማይ የወደቀ ነው ብሎ 11 ዓመት አስተምሮበታል፤ እውነቱን በመጀመሪያው ቀን የተናገረው ግን ተማሪው ነው» ብዬ ጻፍሁበት።

በዚህ ስሕተት የወደቀ እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ ኋላ ተረዳሁ። በ1864 በፈረንሳይ ኦርጌይ በምትባል ስፍራ የወደቀው እውነተኛ የሰማይ ድንጋይ ታሪክ የታወቀ ነው። ከስብርባሪው አንዱ በመስተዋት ዕቃ ታሽጎ በአንድ ቤተ መዘክር ውስጥ መቶ ዓመት ያህል ተቀመጠ። በ1960ዎቹ ሲመረመር በውስጡ የቄጠማ ዘር ተገኘ፤ ዘሩ ግን በሙጫና በከሰል ድቃቂ የተለጠፈ ሆነ። አታላዩ ማን እንደ ነበረ ሳይታወቅ ቀረ። እንደዚሁም በ1969 የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ሆላንድን ሲጐበኙ ለቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ከጨረቃ የመጣ ነው ተብሎ አንድ ድንጋይ ተሰጠ፤ ኋላም በአምስተርዳም ታላቅ ቤተ መዘክር ገባ። በ2009 ቢመረመር ወደ ድንጋይነት የተለወጠ እንጨት ሆኖ ተገኘ። በመስተዋት ውስጥ መቀመጥ፥ በትልቅ ሰው እጅ መሰጠትና ያማረ ጽሑፍ መለጠፍ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ ሁሉ ሐሰት ነው ብላችሁ ደግሞ ወደ ፓሪሶቹ ስሕተት እንዳትሄዱ። በቡራዩ በኩል የሚወጣው መንገድ አምቦን፥ ነቀምትንና ጊምቢን አልፎ ወለጋ ነጆ ይደርሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 በነጆ ሲወድቅ የታየው 2 ኪሎ ተኩል ድንጋይ፥ በ1981 ደግሞ በሐረርጌ ጉርሱም የወደቀው 34 ኪሎ ከ650 ግራም ድንጋይ ሁለቱም ተመርምረው በየስማቸው በዓለም መዝገብ ላይ ተጽፈዋል። ከእነዚህ ቀኖች ወዲህ ነጆና ጉርሱም በዓለም የሜትዮራይት ሊቃውንት ዘንድ የታወቁ ስሞች ናቸው።

ጎረቤቶቻችንም ሁለት ትምህርት ትተውልናል። በ2008 በኦክቶበር ወር ሊቃውንት አንዲት ትንሽ ተወርዋሪ አካል ወደ ምድር ስትመጣ ከ20 ሰዓት ያህል በፊት በመነጽር አዩ፤ እርስዋም በሰሜን ሱዳን በረሃ ላይ ፈነዳች። በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሙአዊያ ሻዳድና ጄኒስከንስ የተባለ የውጭ አገር ሊቅ ተማሪዎችን በረሃው ላይ በረድፍ አሰልፈው እየፈለጉ በተከታታይ ጕዞ 600 ያህል ስብርባሪ አገኙ። ድንጋዮቹም በአካባቢው ባለ የባቡር ጣቢያ ስም አልማሐታ ሲታ፥ ማለት ስድስተኛው ጣቢያ ተባሉ። በሰማይ የታየች አካል በምድር ላይ በእጅ ስትያዝ በታሪክ የመጀመሪያዋ ይህች ናት፤ በእጃቸው ያነሡአትም እንደናንተ ያሉ ተማሪዎች ናቸው።

በሶማሊያ የሆነው ግን ያሳዝናል። በኤል አሊ አጠገብ 15 ቶን ያህል የሚመዝን ታላቅ ብረት ነበረ፤ እረኞች «ሺድ ቢሮድ»፥ ማለት የብረት ድንጋይ እያሉ ለብዙ ትውልድ በዘፈናቸው ሲያነሡት፥ ቢላዋም ሲስሉበት ኖረዋል። የሰማይ ብረት መሆኑ በ2020 በምርመራ ከታወቀ በኋላ ከስፍራው ተነሥቶ ለሽያጭ ወደ ቻይና እንደ ተወሰደ ተሰማ። በ2022 በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት 70 ግራም የሚያህል ቍራሽ ብቻ መርምረው በምድር ላይ ከዚያ በፊት በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ማዕድኖች አገኙበት። እረኞቹ የያዙትን ያውቁ ነበር፤ ዕውቀታቸውን በወረቀት የሚያጸናላቸው የአገራቸው ቤተ መዘክርና ባለሙያ በጊዜው ስላልደረሰላቸው ግን የትውልድ ሀብት ከእጃቸው ወጣ።

አሁን በጡረታ የምኖረው በሰበታ ነው። በቅርቡ አንድ የጐረቤት ልጅ በስልኩ የድንጋይ ፎቶግራፍ ይዞ መጣ። አንድ ደላላ «ከሰማይ የወደቀ ነው፥ በውጭ አገር በሚሊዮን ይሸጣል» ብሎት ለሥራ መነሻ ያጠራቀመውን ገንዘብ ሊከፍል ተቃርቦ ነበር። «ጋሼ፥ እርስዎ አስተማሪ ነዎት፤ እውነት ነው?» አለኝ። «አላውቅም» አልሁት። ደነገጠ፤ ከአስተማሪ አፍ ይህን ቃል አልጠበቀም ነበርና። የቡራዩን ታሪክ ነገርሁትና ለደላላው ገንዘብ ሳይሰጥ የድንጋዩን ቍራሽ ብቻ እንዲጠይቅ መከርሁት። ቍራሹን አብረን ይዘን ለባለሙያ አሳየን። ብረት ሲቀልጥ ከላዩ ተገፎ የሚጣለው ዝቃጭ ነበር። ልጁ ገንዘቡን ከኪሳራ አዳነ፤ እኔም ከ40 ዓመት በፊት ለሌላው ልጅ ልለው ይገባኝ የነበረውን ቃል ዘግይቼም ቢሆን ተናገርሁ።

ወጣቶች ሆይ፤ ምናልባት አንድ ቀን እንግዳ ድንጋይ፥ ወይም አሮጌ ብራና፥ ወይም የጥንት አጥንት ታገኙ ይሆናል። በመዶሻ አትስበሩት፥ በውኃም አትጠቡት። የት፥ መቼና በማን እጅ እንደ ተገኘ በዚያው ቀን ጻፉ፤ ያየ ሰው ካለ ሳያልፍ ቃሉን ጠይቁ። ከዚያ ወደሚያውቅ ሰው ሂዱ፤ «አይደለም» ቢላችሁ እንኳ አመስግናችሁ ተቀበሉ። ነገ እናንተ ዐዋቂ ስትሆኑ ደግሞ የድንጋይ ፈላጭ ልጅ እጁን ሲያወጣ አትሣቁበት።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለእኔና እኔን ለመሰሉ ሰዎች ነው። ደግሞም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለዋል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ንጋት ማንም ሳይደክምለት ይመጣል፤ የእኔ እውነት ግን የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ስላልሄድሁለት 11 ዓመት ሙሉ በቁም ሣጥን ውስጥ ሳይነጋ ቀረ።